ጣውላው ይነሳ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ስለ ርዝመት ዝላይ ነው። "እኛ ከመቼ ወዲህ ዘላይ ሆንን፣ ሩጫ አምጣ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ዛሬን ታገሡኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ የዓለም አትሌቲክስ አንድ ሐሳብ አመጣ። ዘላዩ የሚነሳባት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ነጭ ጣውላ ትቅር፤ በምትኩ ሰፋ ያለ መነሻ ይዘጋጅ፤ ዝላዩም እግሩ በትክክል ከተነሳበት ነጥብ ይለካ የሚል። ምክንያታቸው ፋውል ነው፤ ዘላዩ የጣውላዋን የፊት መስመር ካለፈ ዝላዩ አይቆጠርለትም። በ2023 በቡዳፔስቱ የዓለም ሻምፒዮና ከተዘለለው አንድ ሦስተኛው ፋውል ነበር። ሰው ተንደርድሮ ሲመጣ አይተህ፣ በጭብጨባ ሸኝተኸው፣ መጨረሻ ላይ ቀይ ባንዲራ! ሐሳቡ ግን ትልቅ ሻምፒዮና ላይ አልዋለም። በ2025 ቶኪዮ ላይ ጣሊያናዊው ማቲያ ፉርላኒ 8.39 ሜትር ዘሎ ወርቅ ሲወስድ የተነሳው ከዚያችው ጣውላ ነው። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፣ አልደብቅም። እናንተስ?

የሒሳብ ሰው፦ ይነሳ! የውድድሩ ስም ምንድን ነው? ርዝመት ዝላይ። እንግዲያው ማን ረዥም ዘለለ ብለን እንለካ። አንዱ ከመስመሩ 15 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ተነሳ እንበል፤ የሚለካው ከመስመሩ ስለሆነ 8.30 ተባለለት። በእውነት የዘለለው 8.45 ነው። ሌላው ጫፏ ላይ ረግጦ 8.35 ዘለለ፤ አሸነፈ። አጭር የዘለለው ረዥም የዘለለውን አሸነፈ ማለት ነው። ይሄ በየትኛው ሚዛን ነው ፍትሕ የሚሆነው?

ከዋሽንግተን፦ ወንድሜ፣ በዚህ አካሄድህ 100 ሜትርም ሯጩ መንቀሳቀስ ከጀመረበት ሰዓት ይለካ ልትለን ነው። ቀድሞ መነሳትም ዘግይቶ መነሳትም የውድድሩ አካል ነው። ካርል ሉዊስን ስማው፤ በአራት ኦሎምፒክ ተከታትሎ በዚህ ስፖርት ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። ሐሳቡን ሲሰማ የኤፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ነው ያለው። ከባዱን ችሎታ ከስፖርቱ ማውጣት ነው፣ ቅርጫት ኳስ ላይ ብዙ ሰው ፍጹም ቅጣት ስለሚስት ቅርጫቱን እንደማስፋት ነው አለ። ቴንቶግሉ ደግሞ፣ የግሪኩ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን፣ ይሄ ከመጣ ርዝመት ዝላይን ትቼ ስሉስ ዝላይ እገባለሁ ብሏል።

የሰፈር ልጅ፦ ስሉስ ዝላይም ጣውላ አለው እኮ 😂 ከእሳት ወደ ረመጥ!

ከዋሽንግተን፦ እሱን እንግዲህ ለራሱ ንገረው።

ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔ ስለ ሒሳቡ አልከራከርም። ስለ 1991 የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ልንገራችሁ። እኛ አገር ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር ነው፤ ያን ጊዜ ማን ዝላይ ያያል፣ እኔም በኋላ በቪዲዮ ነው ያየሁት። ሉዊስ 65 ውድድር ተከታትሎ ሳይሸነፍ ነበር የመጣው። በአራተኛው ዝላዩ 8.91 ወረደ። ግን ነፋሱ በሴኮንድ 2.9 ሜትር ከኋላው ይገፋ ነበር፤ ለሪከርድ የሚፈቀደው 2.0 ነው። ስለዚህ ለደረጃ ይያዛል፣ ለሪከርድ አይያዝም። ተፎካካሪው ማይክ ፓውል በበኩሉ አራተኛው ፋውል ሆኖበታል። ሌላ ሰው ቢሆን አምስተኛው ላይ ፈርቶ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ይነሳ ነበር። ፓውል መጥቶ ረገጣት፣ 8.95። ቦብ ቢሞን በ1968 ሜክሲኮ ላይ የዘለለው 8.90 ለ23 ዓመት ቆሞ በዚያች ቅጽበት ወደቀ። ስድስተኛውም ፋውል ነበር። አያችሁ፣ ከፋውል ቀጥሎ ሪከርድ፣ ከሪከርድ ቀጥሎ ፋውል። ያ ሰው ጠርዝ ላይ ነበር የቆመው። ጠርዙን ካነሳችሁበት ምን ይቀራል?

የሒሳብ ሰው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የሚነግሩን ስለ ልብ ድካም ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ሜትር ነው። ሁለቱ ፋውሎች ስንት ነበሩ? ሰነድ ላይ የሉም። ምናልባት ዘጠኝ ሜትር የዘለለ ሰው አይተን ቁጥሩን ጥለነው ይሆናል።

ጋሼ፦ ምናልባት ብለህ ሪከርድ አትጽፍም ልጄ።

የሰፈር ልጅ፦ ቢሞንን ካነሳችሁ አንድ ነገር ልበል። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ቀጭኑ አየር ነው ያገዘው ይባላል። አዲስ አበባ ከሷም ከፍ ትላለች። ይሄን ሁሉ ዓመት ቀጭን አየር ይዘን ለሩጫ ብቻ! አንድ ሰው አሸዋ ያምጣልን።

አወያይ፦ ወደ ርዕሱ ተመለስ አንተ። አሸዋውን ከግንበኞች ጋር ተነጋገር።

ከዱባይ፦ እኔ አንድ ነገር ገርሞኛል፣ ማንም አላነሳውም። የዓይነ ስውራን ርዝመት ዝላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፓራሊምፒክ ላይ። እነሱ የሚነሱት ከጣውላ አይደለም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው መነሻ አለ፣ ላዩ ላይ ዱቄት ይነሰነሳል። አጋዣቸው እያጨበጨበ በድምፅ ይመራቸዋል። የእግሩ አሻራ ካረፈበት ይለካል። ስለዚህ "እንዲህ መለካት አይቻልም፣ ስፖርቱ ይሞታል" የሚለውን ተዉት። ይቻላል፣ ሲደረግ ኖሯል። ስታዲየሙ ጭጭ ብሎ ያቺን ጭብጨባ ብቻ ስትሰሙ ደግሞ፣ ውጥረት የለውም የሚል ሰው ካለ አላየውም ማለት ነው።

ከዋሽንግተን፦ እህቴ፣ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፤ አላሰብኩትም ነበር። ግን እዚያ መነሻው የሰፋው ዘላዩ መስመሩን ማየት ስለማይችል ነው። ዓይን ላለው ምን ምክንያት አለው?

ከዱባይ፦ በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ እየሮጠ የሚመጣ ሰው መስመሩን የሚያይ ይመስልሃል?

የስፖርት መምህር፦ ቆይቼ ገባሁ፣ ክፍል ላይ ነበርኩ። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ አስተምራለሁ። አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። ድሮ ዳኛ የሚያየው ከመስመሩ ቀጥሎ ያለውን፣ አሻራ የሚይዘውን ለስላሳ ፕላስቲሲን ነበር። ፕላስቲሲኑ ዘንበል ያለ ስለሆነ የጫማ ጫፍ አሻራ ሳይተው በላዩ ማለፍ ይችል ነበር። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ሕጉ ጠበቀ፤ ጫፉ መስመሩን አየር ላይ እንኳን ካለፈ ፋውል ነው። ካሜራ ደግሞ ምሕረት የለውም። ታዲያ ራሳቸው አጥብቀው ሲያበቁ ፋውል በዛ ብለው ጣውላውን ይከሳሉ? መጀመሪያ ሕጉን ወደ ነበረበት ይመልሱት።

የሒሳብ ሰው፦ መምህር፣ ይሄኛው ይገባኛል። ግን የኔን የ15 ሴንቲ ሜትር ጥያቄ አይመልስም።

የስፖርት መምህር፦ እውነት ነው፣ አይመልስም። እንዲያውም ለአንተ የሚያግዝ ታሪክ አለኝ። አምና በትምህርት ቤቶች ውድድር ጣውላ የለንም፤ በኖራ ነው መስመር ያሰመርነው። አንዱ ልጄ በላስቲክ ጫማ ነው የሚዘልለው። አሸዋው ጫፍ ደረሰ፤ እኔ ሜትር የያዝኩት ሰውዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ዳኛው ግን ጎንበስ ብሎ ኖራው ላይ የአውራ ጣቱን ምልክት አየ። ሦስቱንም እንዲሁ ረገጠ። ልጁ ዜሮ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እስካሁን "መምህር፣ ስንት ነበር?" ይለኛል። አልለካነውማ።

አወያይ፦ እና አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?

የስፖርት መምህር፦ ለትልልቆቹ ይቆይ። ለልጆች ግን እንጃ። ቅዳሜ ሁለቱንም እሞክርና እነግራችኋለሁ።

ጋሼ፦ ይሄ ነው ክርክር ማለት፣ ወርዶ መሞከር።

አወያይ፦ (እሁድ ጠዋት) መምህር፣ እየጠበቅን ነው።

የስፖርት መምህር፦ እሺ። ከአሸዋው በፊት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል አመድ ነሰነስን። ዘጠኝ ልጆች ዘለሉ። መጀመሪያ በመስመር፣ ከዚያ በአመዱ። አንደኛው በሁለቱም አንደኛ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛው ቦታ ተቀያየሩ፤ የሒሳብ ሰው ደስ ይበልህ። በአመዱ ሲዘሉ እግራቸውን ማየት ትተው ፊት ለፊት እያዩ ነው የሚሮጡት፣ ያ ደስ ይላል። ለመለካት ግን ጉድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዝላይ በኋላ አመዱን በመጥረጊያ መመለስ አለብን፣ ነፋሱም አላስቆመን አለ። ያ ባለ ላስቲክ ጫማው ልጅ 5.12 ዘለለ። ቁጥሩን እጁ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ሄደ።

የሰፈር ልጅ፦ ፋውልስ ቀረ?

የስፖርት መምህር፦ የት ይቀራል! ሁለቱ 80 ሴንቲ ሜትሩንም አልፈው ረገጡ።