«ቪንሰንት» ለልጆች መታየት ነበረበት ወይ?

መምህሩ፦ ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ከራሴ ሥራ የመጣ ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፊልም ክበብ ውስጥ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የቲም በርተንን «ቪንሰንት» የተባለ አጭር ፊልም አሳየሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በዲዝኒ የተሠራ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ጥቁርና ነጭ የአሻንጉሊት አኒሜሽን ነው። ቪንሰንት ማሎይ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። በሰው ፊት ጨዋና ታዛዥ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን የአስፈሪ ፊልሞቹን ተዋናይ ቪንሰንት ፕራይስን መሆን ይመኛል። በሐሳቡ አክስቱን ሰም ውስጥ ይነክራል፣ ውሻውን ዞምቢ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ሬሳ፣ ሊያደርግ ይሞክራል። «ሚስቴ በሕይወት ሳለች ተቀብራለች» ብሎም የእናቱን የአበባ መደብ ይቆፍራል። መጨረሻ ላይ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ይቀራል። ከወላጆች መካከል «ለልጆቻችን ሞትን አስተማርክብን» ያሉኝ አሉ። ጥፋተኛ ነኝ?

እናት፦ መምህር፣ ሳላየው እንዳልፈርድ ብዬ ትናንት ማታ ከስምንት ዓመት ልጄ ጋር ተቀምጬ አየሁት። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ሲያልቅ ልጄ ዞር ብሎ «ሞተ እንዴ?» አለኝ፤ መልስ አጣሁ። እኛም ያደግነው በጭራቅና በጅብ ተረት ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን አያቴ ጅቡን አስመጥታ፣ አስጮኻ፣ በመጨረሻ ታባርረው ነበር፤ እኛም እግሯ ሥር እንተኛ ነበር። እዚህ ፊልም ላይ ጅቡን የሚያባርር ማን ነው? መብራቱን ማን አበራው?

ሠዓሊው፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። መጀመሪያ ክፍሉን ተመልከቺ። ግድግዳው ዘመም ያለ ነው፣ ጥላው ከልጁ ቁመት በላይ ተለጥጦ ይወድቃል። ይህ አሳሳል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን የመጣ ነው። በ1920 በወጣው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ፊልም ላይ ሠዓሊዎቹ ጥላውን ሳይቀር ግድግዳውና ወለሉ ላይ በቀለም ሣሉት፤ ቤቱ የሰው አእምሮ መልክ እንዲይዝ ነው። በርተንም ያንኑ አደረገ። ልጁ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፍሉ ሲገባ ግድግዳው ከሐሳቡ ጋር ይጣመማል። የልጅ ዓይን ይህን ቋንቋ ያለ አስተርጓሚ ያነባል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ፊልሙ የሚተረክበት ግጥም ነው። ቤት እየመታ የሚንቆረቆር፣ የልጆች መጽሐፍ ዜማ ያለው ግጥም ነው። ዜማው «ይህ ጨዋታ ነው» ይላል፤ ሥዕሉ «አይደለም» ይላል። ፊልሙ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ድምፁ ነው። ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ቪንሰንት ፕራይስ ነው! ልጁ ሊሆነው የሚመኘው ሰው፣ አርጅቶ፣ በተረጋጋና በሚያሞቅ ድምፅ የልጁን ታሪክ ይነግረናል። የጠየቅሻት አያትሽ እዚህ ነው ያለችው። መብራት አልበራም፤ ልጁ ግን ጨለማው ውስጥ ብቻውን አይደለም።

አርታኢው፦ በሠዓሊው ትንተና አልስማማም። የተነገረው ሁሉ ውሰት ነው። ሰሙ ፕራይስ በ1953 ሰዎችን በሰም የሚለብጥ ቀራፂ ሆኖ ከተወነበት ፊልም መጣ። በሕይወት መቀበሩ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከኤድጋር አለን ፖ ነው፤ ፕራይስም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሮጀር ኮርማን ዳይሬክተርነት ከፖ ድርሰቶች የተቀዱ ፊልሞችን ሠርቷል። የመጨረሻዎቹ ቃላት ሳይቀሩ ፖ በ1845 ካሳተመው «ቁራው» የተባለ ግጥም መዝጊያ የተወሰዱ ናቸው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ ሁሉ አንዱን አያውቅም። የተዋሰውን ሁሉ ቢመልስ ለልጁ የሚተርፈው ፍርሃቱ ብቻ ነው።

ሠዓሊው፦ ወንድሜ፣ እኛ ቅኔ የሚቀኝን ሰው «ቅኔ ዘረፈ» እንላለን። የቅኔ ተማሪም የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፣ ቀጽሎ ነው ወደ ራሱ የሚደርሰው። በርተን የወደደውን ሁሉ ዘርፎ በአንድ ልጅ ክፍል ውስጥ አከማቸው፤ ፊልሙም የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ በወደደው ነገር ራሱን ስለሚሠራ ልጅ። ፕራይስን የማያውቅ ተማሪ ይህን አይስተውም። አሻንጉሊቱን በእጅ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶ ማንሳት፣ ለአንዲት ሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) መሙላት፣ በውሰት ብቻ የሚገኝ ትዕግሥት አይደለም።

መምህሩ፦ በርተን ራሱ እንደተናገረው ዲዝኒ ኩባንያ መጨረሻውን ሊያስቀይር ፈልጎ ነበር፤ መብራቱ ይበራል፣ አባትየው ይገባል፣ ልጁን ኳስ ጨዋታ ሊያይ ይዞት ይሄዳል። በርተን እንዳለ አቆየው። እኔም በዚህ ነው የወደድኩት። ሲያልቅ አንዲት ተማሪዬ «እኔም ማታ ጥላዬን እፈራለሁ» አለች፤ ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም ነበር።

እናት፦ የተማሪዎ ነገር ልቤን ነክቶታል። ሆኖም ኩባንያው አልተሳሳተም እላለሁ፣ ቢያንስ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይታይ፤ አልቃወምም። ለትንንሾቹ ግን አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፤ የፕራይስን ድምፅ ልጄ ሰምቶታል፣ የያዘው ግን የእኔን እጅ ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እንደገና እንየው» አለኝ። እናቱ በሩን ከፍታ «ወጥተህ መጫወት ትችላለህ» እስከምትለው ድረስ አሳየሁትና አቆምኩት። «ከዚያስ፣ ወጣ?» አለኝ። ወጣ አልኩት። አላመነኝም።