ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የምታውቁ እርዱኝ
ሰላም የጎንደር ልጆች! ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባለውን የኢንተርኔት ጌም የሚጫወት አለ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ የጌሙን የ2007 መልክ የያዘው ማለቴ ነው። እኔ በስልክ ነው፣ ያለ ክፍያ። ጌሙ ውስጥ ላምብሪጅ የሚባለው ከተማ ላይ ለምግብ አብሳዩ እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት አምጥቼ አንድ የተልዕኮ ነጥብ አገኘሁ። ከዚያ የቆረጥኩትን እንጨት ቫሮክ ወደሚባለው ሌላ ከተማ ወስጄ ትልቁ ገበያ ላይ ልሸጥ ስል ከለከለኝ። ለካ 10 የተልዕኮ ነጥብ፣ በድምሩ 100 የክህሎት ደረጃና የ20 ሰዓት ጨዋታ ይጠይቃል! ሰዓቱስ መብራት ካልጠፋ ይሞላል። የቸገረኝ ነጥቡ ነው፤ ውጊያ የሌለባቸው ቀላል ተልዕኮዎች የትኞቹ ናቸው? ጎብሊን የሚባሉት ትንንሽ ጭራቆች እንኳ መቆሚያ አሳጥተውኛል። ደረጃውንስ ዓሣ በማጥመድ ብቻ ልግፋ ወይስ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ልነካካ? ፒያሳ አካባቢ ቁጭ ብሎ የሚያሳየኝ ከተገኘ ማኪያቶ በእኔ።