ከኤልዳፕ የወጡ የተጠቃሚ መዝገቦችን ወደ ፓስወርድ ፋይል ስለመቀየር

የተጠቃሚዎችን መረጃ በማዕከል ከሚይዘው ከኤልዳፕ ዳይሬክተሪ አገልግሎት፣ ኤልዲአይኤፍ በተባለው የጽሑፍ ቅርጽ የወጣ የተጠቃሚዎች ፋይል በእጄ ይገኛል፤ ይህንንም በኮለን ምልክት የሚለያዩ 7 መስኮች ወዳሉት የሊኑክስ ፓስወርድ ፋይል መቀየር ይኖርብኛል። ፋይሉን የሚጠቀመው ኮምፒውተር ከአገልግሎቱ ጋር ስለማይገናኝ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር የሚያመጣው ጌትኤንት የተባለው ትዕዛዝ አይረዳኝም። የይለፍ ቃሎቹን ማዛወር አልፈለግሁም፤ በ2ኛው መስክ ኤክስ የሚለው ፊደል ብቻ ይቀመጣል።

በመጀመሪያ፣ በባዶ ቦታ የሚጀምሩትን የተቆረጡ መስመሮች በሴድ (የጽሑፍ ማረሚያ ትዕዛዝ) ከቀደሟቸው መስመሮች ጋር ቀጠልኋቸው፤ ይህ በትክክል ሠርቷል። ቀጥሎ የጻፍሁት የአውክ (የጽሑፍ ማቀናበሪያ ቋንቋ) ስክሪፕት ግን እያንዳንዱን አትሪቢዩት (ስም ያለው የመዝገብ መረጃ) እንዳገኘው ስለሚያትም ሁለት ችግሮች ተፈጠሩ። አንደኛው፣ የአትሪቢዩቶቹ ቅደም ተከተል ከመዝገብ መዝገብ ስለሚለያይና አንዳንዶቹ መዝገቦች ጌኮስ (ሙሉ ስም የሚይዘው 5ኛው መስክ) ስለሌላቸው፣ የግል ፎልደሩ አድራሻ ከ6ኛው መስክ ወደ 5ኛው ይንሸራተታል፤ እንዲህ ያለ መስመር ተጠቃሚው ሲገባ የተሳሳተ ሼል (ትዕዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም) ሊያስነሳ ስለሚችል በዝምታ ማለፍ አይገባም። ሁለተኛው፣ ከአስኪ (መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ፊደላት ስብስብ) ውጭ ያሉ ፊደላትን የያዙ ሙሉ ስሞች በድርብ ኮለን ተለይተው በቤዝ64 (መረጃን በተራ ፊደላትና ቁጥሮች የሚወክል አጻጻፍ) የተጻፉ በመሆናቸው፣ በኮለን ስከፍላቸው ይበላሻሉ።

በአውክ የአንድን መዝገብ አትሪቢዩቶች ባዶ መስመር እስኪደርስ በስማቸው ይዞ በማቆየት፣ በድርብ ኮለን የመጡትን ብቻ ፈትቶ፣ ጌኮስ ሲጎድልም 5ኛውን መስክ ባዶ ትቶ ሁሉንም በቋሚው ቅደም ተከተል ማተም የሚቻለው እንዴት ነው?