የኋላ አክስል ጉዳይ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የጋራ ሀሳብ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ከላንቴ እስከ ጫኖ በባለ ሶስት እግር የጭነት ሞተር ሙዝ የምናመላልስ የማህበራችን አባላት። የላንቴው ወንድማችን ባለ ሶስት እግር ከሀሙስ ጀምሮ እንደቆመ ሰምታችኋል፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የኋላ አክስሉ ነው። ጫኖ በኩልም በዚሁ በጋ እንደዛው የቆመ ነበር። በየጊዜው ለአንድ ሰው መዋጮ ሰብስበን ከምናልፈው ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የተጠና ነገር ይዘን ብንቀርብ ይሻላል ብዬ ነው፣ የሚያዝያ ዝናብ ሳይገባ ማለቅ አለበት፣ ከዛ በኋላ የማሳ መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያላችሁን ጻፉ፣ ጸሐፊያችን አንድ ላይ ታደርገዋለች።

የላንቴው፦
እግዜር ይስጥልኝ ሰብሳቢያችን። ምልክቱን ልንገራችሁ ምናልባት የሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በቀኝ በኩል ከፍሬን ታምቡሩ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይስበኛል፣ ከዛ ሙዝ ጭኜ ከማሳ ስወጣ ከኋላ ያጉረመርማል ባዶውን ስመለስ ደግሞ ዝም ይላል። በክሪክ አንስቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ከነ ቸርኬው ይጫወታል። አሮጌ ነው፣ እኔ ሶስተኛ ባለቤት ነኝ፣ ግን ሞተሩ ገና ዘይት አይበላም እና እንዲሁ መጣሉ ያሳዝነኛል።

መካኒኩ፦
ትላንት ማታ ፈታነው። የዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሀል ያለው የማርሽ ቤት) ዘይት ሲወርድ ወተት የገባበት ሻይ ነው የሚመስለው፣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ኮሮናና ፒኞኑ፣ ውስጡ ያሉት ማርሾች፣ ደህና ነው ጥርሱ አልተበላም፣ ይሄ ትልቅ እድል ነው። የሞተው የቀኙ ሻፍት ነው፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ። ኩሽኔታው (ሻፍቱን ይዞ የሚያዞረው ባለ ኳስ ቀለበት) ቁጥሩ 6207 ነው፣ የውስጥ ቀዳዳው 35 ሚሊ ማለት ነው፣ ሻፍቱ ከ35 በጣም በትንሹ በልጦ ኩሽኔታው በፕሬስ ተገፍቶ መግባት አለበት፣ የሱ ግን በእጅ ገብቶ በእጅ ይወጣል፣ በማይክሮሜትር ስለካው የባሰበት ቦታ 34.7 ሆኗል። ውስጠኛው ቀለበት ሻፍቱ ላይ እየዞረ ነው የበላው። ከዛ ደግሞ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባውን የሻፍቱን ጥርስ አጥቤ ከጎን አየሁት፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው ተጠምዝዟል፣ ትንሽ ነው ግን በአይን ይታያል። ይሄ የውሃ አይደለም የጭነት ነው። የግራው ሻፍት ጥርሱ ደህና ነው፣ ኩሽኔታው ጋ ብቻ ትንሽ ለቋል።

የሲቀላው ልጅ፦
ታዲያ ምን ይጠናል አዲስ ሙሉ አክስል ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይምጣለትና ይገጠም፣ አለዛ አሮጌ ብረት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው ሚሆነው። ወይ ደግሞ ቀኙን በብየዳ ሞልቶ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚሸርፍ ማሽን) ማስመታት ነው፣ ስንቱ እንደዛ አድርጎ እየሰራ ነው፣ በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ቶርኖ ቤት ያለው አባል፦
ወንድሜ ስለ ብየዳው እኔ ልናገር ስራዬ ነው። ሻፍት ተራ ብረት አይደለም፣ ሲሰራ በእሳት ጠንክሯል። ኩሽኔታው ጋ ያለው ቦታ ላይ በሚገኘው ኤሌክትሮድ ሞልተህ ቶርኖ ስታስመታው ልኩ ይመጣል፣ ያምራል፣ ሚሰበረው ግን የበየድክበት ቦታ ሳይሆን ብየዳው ያለቀበት ጠርዝ ላይ ነው፣ እዛ ጋ ብረቱ በሙቀቱ ተቀይሮ ይደርቃል። የተሰበሩ ሻፍቶች ይመጡልኛል፣ ስብራቱን ብታዩት ግማሹ የጠቆረ ነው፣ ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ የከረመ፣ ግማሹ ደግሞ የሚያብረቀርቅ፣ በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ የሄደ። እና የኛ አይነት አክስል ላይ ጎማውን የያዘው ሻፍቱ ራሱ ነው፣ ሻፍቱ ውጪ በኩል ከተሰበረ ጎማው ከነ ታምቡሩ ወጥቶ ይሄዳል፣ ፍሬኑም አብሮ። ሙዙ ላይ ሰው ተቀምጦ እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ብየዳ የግድ ከሆነ 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ በደንብ የደረቀ፣ ሻፍቱን ቀድሞ ማሞቅ፣ ከዛ በደረቅ አመድ ቀብሮ እስኪነጋ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማድረግ። ግን ይሄን ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚሰራልህ የለም። ደሞ የተጠመዘዘ ጥርስ በብየዳ አይድንም፣ የቀኙ ሻፍት አዲስ ነው መሆን ያለበት። የግራውን ግን ሸርፌ ከላዩ የብረት ቀለበት በፕሬስ አስገብቼ ወደ 35 እመልሰዋለሁ፣ ከሸረፍኩት ቦታ ጥግ ላይ ስል ማዕዘን ሳይሆን ክብ አድርጌ እተዋለሁ፣ ስል ጥግ ካለ ስንጥቁ ከዛ ነው ሚጀምረው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም ስለ ብረቱ ነው ምታወሩት፣ እኔ ስለ ሰውየው ላውራ። ሰው ለምንድነው በአንድ ሌሊት አስበይዶ ሚወጣው? ሞተሩ በቆመ ቁጥር ቤት ውስጥ ሚገባ ነገር የለም፣ የእቁቡ ቀን ይደርሳል፣ የብድሩ ቀን ይደርሳል፣ ደንበኛው ደግሞ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ሙዝ ዛሬ ካልወጣ ነገ ይበስላል አይሱዙውም አስፋልት ላይ ቆሞ አይጠብቀውም። ስለዚህ በደንብ ይሰራ ብንል እንኳ አስር ቀን መቆም ሚችል አባል የለንም። የኔ ሀሳብ ማህበሩ አንድ ሙሉ የኋላ አክስል ይግዛ፣ የማንም ያልሆነ፣ የሁላችን የሆነ። የተበላሸበት አባል ያንን አስገጥሞ ስራውን ይቀጥላል፣ የራሱ ደግሞ ተረጋግቶ በደንብ ይሰራለታል፣ ሲያልቅ መልሶ ቀይሮ የማህበሩን ያስረክባል። በዚ ብር ለአንድ ሰው አዲስ ብንገዛ አንድ ሰው ብቻ ነው ሚጠቀመው።

የላንቴው፦
እህቴ ተባረኪ። ለኔ ይገዛ አላልኩም፣ እንዲህ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ፣ የሻፍቱን ደግሞ ከራሴ እችላለሁ።

ጋሼ (ነባር አባል)፦
ሀሳቡ መልካም ነው ልጄ፣ ነገር ግን የሁላችን ሞተር አንድ አይደለም። የኔ ሰፋ ይላል፣ የባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ስፕሪንግ) መቀመጫ ርቀትም ይለያያል። አንድ ገዝታችሁ ለግማሹ ብቻ ከሆነ ነገ ቅሬታ ይመጣል፣ ቀድሞ ይታሰብበት።

መካኒኩ፦
ልክ ነው ጋሼ። መለካት ያለበት ሶስት ነገር ነው፣ በሁለቱ ባሌስትራ መሀል ያለው ርቀት፣ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው ስፋት፣ እና የመሀል ሻፍቱ (ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚያመጣው ዘንግ) ሚታሰርበት ፍላንጅ ስንት ብሎን እንዳለውና ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ። ኩሽኔታውንም ማንም በግምት እንዳይገዛ፣ አንዱ ላይ 6206 ሌላው ላይ 6207 ነው፣ ቁጥሩ ቀለበቱ ላይ ተጽፏል ጠርጎ ማንበብ ነው። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሞተሩን ይዞ ቢመጣ እኔ እለካለሁ አንድ ሰው ይጽፍልኝ። እንደማየው ሁለት አይነት ነው ያለን፣ ከበዛው እንጀምር። የባሌስትራው መቀመጫ ብቻ የሚለይ ከሆነ ደግሞ በመካከለኛ ሳህን ሚስተካከል ነው፣ ፍላንጁ ከተለየ ግን አይሆንም።

የጋሼ አይነት ላላቸው አክስሉ ባይደርሳቸውም የጋራ መሳሪያው ይደርሳቸዋል። ፑለር፣ ታምቡሩን ስቦ የሚያወጣው መሳሪያ፣ የለንም፣ ታምቡር በመዶሻ ስንመታ ነው ምንውለው፣ ያ ምት ደግሞ ቀጥታ ኩሽኔታው ላይ ነው ሚያርፈው። አንድ ፑለር፣ አንድ ከ25 እስከ 50 ሚሊ የሚለካ ማይክሮሜትር ይገዛ፣ የኔው አሮጌ ስለሆነ ነው፣ ቨርኒየር ለዚህ አይበቃም፣ እኛ ምንፈልገው የሚሊ መቶኛ ነው።

ቶርኖ ቤት ያለው አባል፦
የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁንም በደብዳቤ እንጠይቅ፣ ፕሬስ አላቸው፣ ተማሪዎቹም ይማሩበታል። የሚፈልጉትን የብረት ዋጋ እኛ እንችላለን።

የሲቀላው ልጅ፦
እሺ በአክስሉ ሀሳብ እኔም ገብቻለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን ጭነቱ ላይ ምን ልንል ነው? ሊብሬው ላይ 5 ኩንታል ነው የተጻፈው፣ እኔ 5 ብቻ ነው ምጭነው ብል ደላላው አስር ሚጭነውን ይጠራል፣ እኔ በሁለት ምልልስ ሚሰራውን እሱ በአንዱ ይጨርሳል። ነዳጁን አስቡት።

መካኒኩ፦
እረዳሃለሁ። ግን የተጠመዘዘው ጥርስ ከምን እንደመጣ አየህ፣ ከማሳ ሲወጣ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተይዞ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ ያ ሁሉ ኩንታል ሚንጠለጠለው በዛች ጥርስ ላይ ነው። አዲስ ብንገዛም በዚህ አያያዝ ከአንድ ክረምት አያልፍም።

ገንዘብ ያዥ፦
ለዛ ነው ለጉባኤ ሚቀርበው። አንድ ሰው ብቻውን 5 ቢል ይጎዳል፣ ሁላችን አንድ ላይ ካልን ግን ደላላው የት ይሄዳል? ከላንቴ እስከ ጫኖ ያለው ባለ ሶስት እግር አብዛኛው የኛ አባል ነው። ማህበሩ ለምልልሱ አንድ ዋጋ ያውጣ። የማህበሩን አክስል የገጠመ ሰው ደግሞ ከሊብሬው በላይ አይጭንም፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም፣ የሰው ንብረት ነው።

ጋሼ (ነባር አባል)፦
እስማማለሁ። ሰው ጭነት ላይ አይቀመጥም የሚለውም ይጻፍ።

መካኒኩ፦
አንድ የረሳነው፣ ውሃው። ዲፈረንሻሉ ላይ መተንፈሻ አለ፣ ትንሽ ናት፣ በጭቃ ተደፍና አብዛኛው ሰው ከነመኖሯም አያውቃትም። ከተደፈነች አክስሉ ሲሞቅ ውስጥ ያለው አየር ዘይቱን በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ማሸጊያ) በኩል ወደ ፍሬን ሸራው ይገፋዋል። የሞቀ አክስል የሀሬን ወንዝ ሲሻገር ደግሞ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል፣ መተንፈሻ ካጣ በዛው በኦይል ሲሉ ውሃ ይስባል። የላንቴው ወንድማችን ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ ፈትቼ ያየኋት መተንፈሻ ድንጋይ ሆናለች። መፍትሄው አንዲት የነዳጅ ቱቦ ነች፣ ከመተንፈሻው ወደ ላይ እስከ መቀመጫው ስር ወስዶ ጫፏን ወደ ታች አጥፎ ማሰር። ከዝናብ በፊት ሁሉም ሞተር ላይ ትግባ፣ እጅ ዋጋ አልጠይቅም። ከወንዝ የወጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ የዘይቱን መልክ ይይ፣ ከነጣ ይቀየር፣ 90 ቁጥር ዘይት ከሻፍት ይረክሳል።

ጸሐፊ፦
እሺ እስካሁን ያለውን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ ሚስተካከል ካለ ንገሩኝ፦

"ማህበሩ ለአባላት በውሰት የሚሰጥ አንድ ሙሉ የኋላ አክስል፣ አንድ ፑለርና አንድ ማይክሮሜትር ይገዛል። ለዚህም እያንዳንዱ አባል ለአራት ወር በየወሩ 300 ብር ያዋጣል፣ ግዢው በሶስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ይፈጸማል። የሚገዛው አይነት ቅዳሜ በሚደረገው ልኬት ይወሰናል። አክስሉን የሚወስድ አባል ማስያዣ ያስይዛል፣ የራሱን አክስል በወሰደ በሁለት ቀን ውስጥ ለጥገና ያስገባል፣ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ የማህበሩን ይመልሳል፣ በዚህ ጊዜ ከሊብሬው በላይ አይጭንም፣ ሰውም ጭነት ላይ አያስቀምጥም። ጥርሱ የተጠመዘዘ ሻፍት አይጠገንም፣ ይቀየራል። የኩሽኔታ መቀመጫው የተበላ ሻፍት በቀለበት ይጠገናል እንጂ በብየዳ አይሞላም። ከሚያዝያ በፊት የሁሉም አባላት ሞተር መተንፈሻ በቱቦ ከፍ ይደረጋል። የጭነት ልክና የምልልስ ዋጋ ለሁሉም አባል አንድ እንዲሆን ጉባኤው ድምፅ ይሰጥበታል።"

የሲቀላው ልጅ፦
በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ቢበላሽበትስ? ያ አልተጻፈም።

ገንዘብ ያዥ፦
ቀድሞ ያስመዘገበ ይውሰድ፣ ግን መዋጮውን የከፈለ ከሆነ ነው። እና ጸሐፊያችን፣ ክፍያው በአራት ወር ካለቀ ዝናቡ ይቀድመናል፣ ከቁጠባው ሂሳብ ተበድሮ አሁኑኑ ተገዝቶ በመዋጮው ይተካ የሚል አስገቢበት። ሂሳቡ ይችላል አይቼዋለሁ።

ቶርኖ ቤት ያለው አባል፦
"በቀለበት ይጠገናል" የሚለው ላይ "በጣም ካልተበላ" የሚል ይጨመር። ብዙ ከሸረፍነው መሀሉ ይቀጥናል፣ ጎማና ጭነቱን መሸከም አይችልም። በጎን ከአንድ ሚሊ ተኩል በላይ መሸረፍ ካስፈለገ እኔ አልሰራውም፣ ይቀየር።

ጸሐፊ፦
ሶስቱንም አስገብቻለሁ። ለኮሌጁ የሚሄደውን ደብዳቤም ዛሬ ማታ አዘጋጃለሁ።

ሰብሳቢ፦
በጣም ጥሩ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ከሙዝ መጫኛው ጎን ያለው ሜዳ ላይ ለልኬቱ እንገናኝ፣ ሞተራችሁን አጥባችሁ ኑ በተለይ ከኋላ፣ ሊብሬም ያዙ። የላንቴውን ሞተር በፒክአፕ ማምጣት የሚችል ሰው በውስጥ ይጻፍልኝ።