ጥቆማ፦ ለ11ኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ጣፎና አያት አካባቢ

የጣፎ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ማንበብ ነፍሷ ነው። ግራመር ላይ ግን ትቸገራለች፣ ቃላትም ያጥራታል። አስጠኚ ልቅጠርላት፣ ማሰልጠኛ ትግባ ወይስ ጥሩ መጽሐፍ ይበቃታል?

ሰሚት፦ ማሰልጠኛ እንዳታስቢ እህቴ! ለወንድሜ የሦስት ወር ቀድሜ ከፈልኩ። አስተማሪው በየጊዜው ይቀያየራል። አዲስ የመጣው ሁሉ ከ"ቨርብ ቱ ቢ" ይጀምራል። ብሬን ስጠይቅ "ተመላሽ የለም" አሉኝ።

የካ አባዶ፦ የቱ ነው? እኔም ላስመዘግብ ነበር።

ሰሚት፦ ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ኢንቦክስ ነይ። ብቻ ደረሰኝ ሳትቀበዪ እንዳትከፍዪ።

አያት ኮንዶ፦ እኛንም እንደዚሁ አድርገውናል። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

ኮዬ ፈጬ፦ ለአይኤልትስ፣ ማለት ለውጭ ትምህርት ለሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ብሪቲሽ ካውንስል ጠይቂ። ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው።

ካራ፦ አይኤልትስን ምን አመጣው? ጥያቄውን ማንበብም ፈተና ሆነ እንዴ?

የመጽሐፍ ወዳጅ፦ ለገሃር ያለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጋ ውሰጃት። ከአያት ባቡር ትይዛላችሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ደንበኛው ነኝ።

ካራ፦ ዋጋውን ከሌላ ጋር አወዳድረሽ ታውቂያለሽ?

የመጽሐፍ ወዳጅ፦ ለምን ብዬ? የሚሆነኝን እሱ ያውቃል።

መምህር፦ እህቴ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ለግራመር የሬይመንድ መርፊን "ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ" ግዢላት፣ ሰማያዊውን። በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ አለው። መልሱ ከኋላ ስላለ ራሷን ታርማለች። ፎቶ ኮፒ ከገዛሽ መልሱ እንዳልተቆረጠ እዪ። ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር የለባትም። ፓስት ሲምፕልና ፕሬዘንት ፐርፌክት ከተምታቱባት እነሱን ትሥራ። ልብ ወለዱን ግን አደራ እንዳታስቆሚያት! ቃሉን የምታገኘው ከዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት ከገለጠች ታሪኩ ይጠፋባታል። ደጋግሞ የሚመጣባትን ብቻ ከነዓረፍተ ነገሩ ደብተሯ ላይ ትጻፍ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የድሮ ልብ ወለዶች በነፃ ይወርዳሉ። የአንዳንዶቹ እንግሊዝኛ ከባድ ስለሆነ በአጫጭር ታሪኮች ትጀምር። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለላችሁ።

የካ አባዶ፦ መምህር፣ ቤት ድረስ መጥተህ ታስጠናለህ?

መምህር፦ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመቸኝ።

የጣፎ እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ተባረኩ። ሰሚት፣ የማሰልጠኛውን ስም ለእኔም ላኪልኝ።

ሰሚት፦ ላክሁልሽ።