የጃዝ ባንድ በመንግሥት ደመወዝ ይያዝ ወይስ በምሽት ክፍያ ይቀጥል?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይኸው። የክልል ባህል ቢሮዎች ለውዝዋዜና ለባህል ዘፈን ቡድኖቻቸው ሠራተኛ እንደሚቀጥሩ ሁሉ ለጃዝ ባንድም ቋሚ የሥራ መደብ ይክፈቱ? ወይስ ሙዚቀኛው ከሆቴል፣ ከክለብና ከሠርግ ጋር እየተዋዋለ ይኑር? «ጃዝ ነፃነት ነው» የምትሉ፣ እሱን ሰምተናል። ስሌትና አሠራር ይዛችሁ ኑ።

ቤዝ ጊታር፦ ይከፈት ባይ ነኝ። ለስሌት ያህል ሰባት ሰው ያለው ባንድ ለአንድ ምሽት 30,000 ብር ተከፈለው እንበል። 2,000 ለመጓጓዣ፣ 1,000 ለክርና ለኬብል ይወጣል። ከቀረው 27,000 ላይ ሰባቱ አንድ አንድ ድርሻ፣ መሪው አንድ ተጨማሪ፣ አቀናባሪው አንድ ተጨማሪ ይወስዳሉ፤ ዘጠኝ ድርሻ፣ ለአንዱ 3,000 ብር። ሰው የሚያየው «ለሦስት ሰዓት ሦስት ሺህ» ብቻ ነው። ነገር ግን ለዚያች ምሽት ሦስት ሦስት ሰዓት የፈጀ ሁለት ልምምድ፣ የሁለት ሰዓት ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻ) አለ። ከመድረኩ ጋር 11 ሰዓት፤ በሰዓት ወደ 270 ብር። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። 55 ቀን ሠርግ የለም፣ ክለቡም ይቀዘቅዛል። በጥር የተገኘችው እስከ ፋሲካ፣ ከፋሲካ በኋላ የተገኘችው ደግሞ ክረምቱን ማሻገር አለባት።

የሆቴል ሰው፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ገዳይ ነው። ሆቴል ባንድን የሚለካው በዚያ ምሽት በተሸጠው ምግብና መጠጥ ነው። አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ያንኑ ገበያ ካመጡ ሰባት ሰው ለምን? ትንፋሽ ተጫዋቾችን (ሳክስፎን፣ ትራምፔት የሚነፉትን) ከመድረክ ያስወረዳቸው ይኼ ነው። አሁን ደግሞ ቢሮው ደመወዝ የሚከፍለው ባንድ ቢመጣ፣ አባላቱ ቅዳሜ ማታ በግማሽ ዋጋ ሆቴል ይገባሉ፤ የቤት ኪራያቸውን ሌላ ከፍሎላቸዋላ። ደመወዝ የሌለው ባንድ በዚያው ዓመት ይበተናል።

ሳክስ መምህር፦ ወንድሜ፣ ድምፁ ራሱ ከየት መጣና? እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት የትንፋሽ ባንዱ አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የቤተ መንግሥት ተቀጣሪዎች ነበሩ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎችም ደመወዝተኞች ነበሩ። በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ የሠራው ሥራም በደመወዝ የተሠራ ነው። አራት ትንፋሽ እንደ አንድ ሰው የሚነፋው በየቀኑ አብሮ ሲቀመጥ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አንቺሆዬ የተባለው ቅኝት በፒያኖ ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት (ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሻርፕ ከፍ ማለት ነው)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። አልቶ ሳክስ የኖታ አጠራሩ ከፒያኖ ስለሚለይ ያንኑ ድምፅ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ ሻርፕ ብሎ ይነፋዋል። ቴነሩና ትራምፔቱ ደግሞ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ። ለአንድ ምሽት የተጠራ ተተኪ ሁለተኛዋን ኖታ ፍላት ማድረግ ይረሳና ቅኝቱ ይፈርሳል። ፒያኒስቱም ከሌላ ሙዚቃ የለመደውን ሶል ሰባተኛ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ጣል ያደርጋል፤ ከኮርዱ አራት ኖታዎች ውስጥ በዚህ ቅኝት ያለችው ፋ ብቻ ናት። ሦስቱ ባዕድ ናቸው። እንዲህ ያለው ስሕተት መድረክ ላይ አይታረምም። የሚታረመው በልምምድ ነው፣ ልምምድ ደግሞ ዛሬ የሚከፍለው የለም።

አቀናባሪዋ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን በግማሽ አይንገሩን። እነዚያ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ወታደር ነበሩ፤ ከግቢ ውጭ ለመጫወት ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ኢትዮ ጃዝ የምንለው፣ የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ያዋሐደው አቀነባበር የመጣው ግን ከደመወዝ መዝገብ ውጭ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ጂማ ተወልዶ ለንደንና ቦስተን ተማረ፤ የመጀመሪያዎቹን አልበሞች እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ኅትመትን ብቸኛ መብት ጥሶ አምሃ ሪከርድስን የከፈተው አምሃ እሸቴም የግል ነጋዴ ነበር። ቢሮ ቢገባበት ኖሮ እስካሁን ማስታወሻ ይጻጻፉበት ነበር።

ደግሞ የተቀጠረ ባንድ ምን እንደሚጫወት እናውቃለን። ሰኞ የስብሰባ መክፈቻ፣ ረቡዕ የእንግዳ አቀባበል፣ ዓርብ የበዓል ዝግጅት። አዲስ ቅንብር የሚለማመድበት ቀን የቱ ነው?

ባሕር ዳር፦ እናንተ የምታወሩት ሁሉ አዲስ አበባ ነው። እዚያ አንድ ቤት ቢዘጋ ሌላ አለ። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዝአምባ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ሲቃጠል ባንዶቹ ተጎዱ፣ ግን የሚሄዱበት አላጡም። እኛ ጋ በሳምንት አንድ ምሽት ጃዝ የሚያስተናግድ ቤት ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው፤ ደህና ድራመር እንደተገኘ አዲስ አበባ ይወስደዋል። ስለዚህ መደቡን እደግፋለሁ፣ ግዢው ግን ያስፈራኛል። የጨረታ ሰነዱ ላይ «ሳክስፎን፣ ብዛት 2» ተብሎ ከተጻፈ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። የሚመጣው መሣሪያ ቁልፉ በወራት ውስጥ ይላላል፣ ፓዱ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ልባስ) አየር ያሾልካል፣ የታችኛው ሲ ፍላት አይወጣም። «ድራም ሴት» ከተባለም ያለ ሲምባል (የሚመታው የነሐስ ሳህን) ይመጣል፤ ሲምባል ለብቻው ይጻፍ። ለሳክስ አልቶ ወይስ ቴነር፣ የአፉ (የመንፊያው) ዓይነት፣ መለዋወጫ ፓድ፣ የዓመት ሪድ (አፉ ላይ የሚታሰረው የሸምበቆ ስንጥር) ሁሉ ይዘርዘር። አንድ ፓኮ 10 ሪድ ቢይዝም ለመድረክ የሚሆነው ግማሹ ቢሆን ነው፤ ደረቅ አየር ላይ ደግሞ ቶሎ ይጣመማል።

ሕግ አዋቂ፦ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጣሪ በሥራው የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። እህቴ አቀናባሪ፣ የቢሮ ሠራተኛ ሆነሽ የጻፍሽው ኖታ የቢሮው ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በቅጥር ውሉ ላይ «የቅንብር መብት የአቀናባሪው ነው፤ ቢሮው ያለ ክፍያ በራሱ መድረክ ይጫወተዋል» የሚል አንቀጽ ይግባ። የተጫዋቾቹ ተዛማጅ መብትም (በተቀዳ አጨዋወታቸው ላይ ያላቸው መብት) እንዲሁ። የቆዩ ኢትዮጵያዊ ቅጂዎች ውጭ አገር እንደገና ሲታተሙና በፊልም ሲገቡ ትራምፔት የነፋው ሰው ድርሻ የሚያጣው በወቅቱ ወረቀት ስላልፈረመ ነው።

ለቅጥር የሚከራከረው ወገን ያልተናገረው ጡረታም አለ። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያስገባሉ። በምሽት ክፍያ በሚሠራ ሙዚቀኛ ስም ይህ መዋጮ ዜሮ ነው።

ቤዝ ጊታር፦ የሆቴሉ ወንድሜ ያነሳው የዋጋ መስበር እውነት ነው፣ አልክድም። ግን መደብ መክፈት የግድ የሙሉ ቀን ቅጥር ማለት አይደለም። ቢሮው የሚከፍለው ለልምምድ ይሁን፦ በሳምንት አራት ቀን ጠዋት ሦስት ሦስት ሰዓት፣ በወር ሁለት የሕዝብ ኮንሰርት። ማታው የሙዚቀኛው ነው።

አቀናባሪዋ፦ የስብሰባ መክፈቻ አንጫወትም የሚል በጽሑፍ ከገባ እሰማሃለሁ። በቃል ከሆነ ግን ሁለተኛው ወር ላይ ሚኒባስ ተልኮ «ቶሎ ድረሱ፣ እንግዳ መጥቷል» ይባላል።

የሆቴል ሰው፦ እኔ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ልጨምር። የቢሮ ባንድ በንግድ ቤት ሲጫወት ከከተማው ሌሎች ባንዶች ክፍያ በታች አይዋዋልም፣ ቅድሚያ ክፍያው 50 በመቶ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያቀርበው ቤቱ ነው። ይቺን ካልጻፋችሁ ድምፄ «አይከፈት» ነው።

ሳክስ መምህር፦ ጄኔሬተሩን እንኳ ተወው፣ ሳክስ መብራት አይፈልግም። የክፍያው ወለል ግን ይጻፍ።