በሴለሪ ጆቦች እርስ በርስ ሲጠባበቁ ዎርከሮቹ ሁሉ ቆመው ቀሩ፤ ምን ይሻላል?

ጥቁር_ውሃ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) እና ሴለሪ (ስራዎችን «ጆብ» ወይም «ታስክ» አድርጎ ከጀርባ ለሚሰሩ «ዎርከሮች» የሚያከፋፍል መሣሪያ) ላይ የምትሰሩ ካላችሁ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ።

እዚህ ሐዋሳ ለአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን የሚያገለግል ሲስተም ተረክቤያለሁ። ዳሌ፣ አለታ ወንዶና በንሳ ያሉ 9 የእሸት ቡና ጣቢያዎች ማታ ማታ የዕለቱን ርክክብ በኤክሴል ይጭናሉ። ሲስተሙ ፋይሉን ያነባል፣ የእያንዳንዱን ገበሬ ሂሳብ ያሰላል (ኪሎው በዕለቱ ዋጋ ተባዝቶ በቅድሚያ የወሰደው ይቀነሳል)፣ ለገበሬው ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ደረሰኙን በፒዲኤፍ ያወጣል። መጨረሻ ላይ 9ኙን ጣቢያ አጠቃልሎ ለሂሳብ ሹሟ ሪፖርትና ለባንክ የሚሄድ የክፍያ ዝርዝር ይሰራል።

ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ሁሉንም ነገር በሰዓት ነው ያሰረው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ማንበብ፣ 2፡30 ማስላት፣ 3 ሰዓት ፒዲኤፍ፣ 4 ሰዓት ሪፖርት። ቡናው ገና ጥቂት ሳለ ሰላም ነው። ኅዳር ሲገባ ግን ማንበቡ ሳያልቅ ማስላቱ ይነሳል፣ ሪፖርቱም በንሳ ያሉትን ጣቢያዎች ትቶ ይወጣል። ጠዋት ሂሳብ ሹሟ ስትደውል ስልኩን ማንሳት ራሱ ወኔ ይጠይቃል።

አሁን እየሞከርኩ ያለሁት አንድ አለቃ ጆብ 9ኙን የጣቢያ ጆቦች በትይዩ አስነስቶ ውጤታቸውን እንዲጠብቅ፣ ሲያልቁ ሪፖርቱን እንዲሰራ ነው። የጣቢያው ጆብም በተራው ለየገበሬው ጆብ ያስነሳና ይጠብቃል። ሴለሪ ታስክ ውስጥ ሆኖ የሌላ ታስክ ውጤት መጠበቅን በኤረር ይከለክላል፤ ክልከላውን የሚያነሳ ኦፕሽን ስላለ እሱን ተጠቀምኩ። በኮንከረንሲ 4 ሲነሳ ግን ኤረር የለ፣ ሎግ የለ፣ ሲፒዩ ዜሮ፣ ሁሉም ዝም። ሰርቨሩ ባለ 4 ኮር፣ 8 ጊጋ ራም ነው። ብሮከሩ (ጆቦቹን ወረፋ አስይዞ ለዎርከሮች የሚያደርሰው) ሬዲስ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ።

ዎርከር ልጨምር ወይስ አሰራሩን ልቀይር?

ቢሾፍቱ_ላይ

ምን አስጨነቀህ ወንድሜ፣ ሰዓቱን አራርቀው በቃ። ሪፖርቱን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርገው፤ በዛ ሰዓት የሚያነበው የለ። ሰርቨሩ ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ የሚቆጥረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ ከሆነ ለሱ 0፡00 መሆኑን ብቻ እንዳትረሳ።

የሶደሬዋ

ሰዓት ማራራቅ እስከሚቀጥለው ኅዳር ያቆይህ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። አንድ ጣቢያ ፋይሉን 9፡10 ላይ ቢጭን ያው ተመልሰህ እዚሁ ነህ። ሰዓት የሚያውቀው ሰዓትን ብቻ ነው፤ ፊተኛው ስራ ይለቅ አይለቅ አያውቅም።

መጀመሪያ ለምን እንደቆመ። ኮንከረንሲ 4 ማለት በአንድ ጊዜ የሚሰሩ 4 ፕሮሰሶች አሉ ማለት ነው። አንዱን አለቃው ይዞ ይጠብቃል። ሦስቱን ሦስት የጣቢያ ጆቦች ይዘው የገበሬዎቻቸውን ጆብ ይጠብቃሉ። የገበሬዎቹ ጆቦች ኪው (ወረፋ) ላይ ናቸው፤ ማን ያንሳቸው? ሁለት ባጃጅ ብቻ ባለበት ፌርማታ ሁለቱም ሹፌሮች የሚያደርሳቸው ባጃጅ ቆመው ሲጠብቁ አስበው። ኮንከረንሲውን ወደ 10 ብታሳድግ ደግሞ አለቃውና 9ኙ ጣቢያዎች 10ሩን ይይዙና አሁንም ዝም ነው። በ11 ይሄድ ይሆናል፣ ዩኒየኑ አንድ ጣቢያ እስኪጨምር ድረስ። ስለዚህ ያን ኦፕሽን መልሰህ አጥፋው፤ ክልከላው የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ኮዱን ዝጋና ወረቀት አውጣ። ለየስራው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ ይሄ ስራ ለመጀመር የግድ የማን ውጤት ያስፈልገዋል? «ከማን ቀጥሎ ይሰራ ነበር» አይደለም ጥያቄው። ካንተ ጽሑፍ እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦

ማስላት ማንበብን ይፈልጋል። ኤስኤምኤስ ማስላትን ብቻ ይፈልጋል፣ ፒዲኤፉ ወጣ አልወጣ አያገባውም። ፒዲኤፍም ማስላትን ብቻ። ሪፖርቱ ደግሞ የሁሉንም ጣቢያ ስሌት እንጂ አንድም ፒዲኤፍ አይፈልግም። አየህ፣ የድሮው ሰልፍ ሪፖርቱን ከፒዲኤፍ ኋላ አሰልፎት ነበር፣ በከንቱ። ከሁሉም ስራ ጊዜ የሚበላው ፒዲኤፉ መሆኑን ስንት ቦታ አይቻለሁ። እሱን ከመንገዱ ብታወጣው ብቻ ሂሳብ ሹሟ ሪፖርቷን ብዙ ቀድማ ታገኛለች።

ለየገበሬው የስሌት ጆብም ይቅር። ማባዛትና መቀነስ ነው፤ የአንድ ጣቢያ ሂሳብ በአንድ የዳታቤዝ ጥያቄ ይወጣል። ጆብ በዛ ማለት ስራ ፈጠነ ማለት አይደለም።

ሴለሪ ውስጥ ለዚህ የተሰሩ ሦስት ነገሮች አሉ። ቼይን ተራ በተራ ያስኬዳል፣ ግሩፕ ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ ኮርድ ደግሞ ግሩፑ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ አንድ ማጠቃለያ ጆብ ያስነሳል። ላንተ፦ በየጣቢያው «አንብብ፣ ከዚያ አስላ» የሚል ቼይን፣ 9ኙ ቼይኖች የኮርዱ ራስ (ቀድሞ ማለቅ ያለበት ግሩፕ)፣ ሪፖርቱ ማጠቃለያው። ማንም ዎርከር ይዞ አይጠብቅም። ሬዲስን የውጤት ማስቀመጫ ካደረግከው ያለቁትን ራሱ ይቆጥርና የመጨረሻው ሲገባ ሪፖርቱ ይነሳል። ኤስኤምኤስና ፒዲኤፍ ከስሌቱ በኋላ ይነሱና በራሳቸው መንገድ ይሂዱ፣ የሚጠብቃቸው የለም።

የኮርድ ጣጣዎች አሉ፣ ልንገርህ። የኮርዱ ራስ ውስጥ ያሉት ታስኮች «ውጤቴን ተወው» የሚል ምልክት ካለባቸው ማጠቃለያው መቼም አይነሳም። ካንዱ ጣቢያ የተበላሸ ኤክሴል መጥቶ ጆቡ ኤረር ቢወረውርም እንደዚያው፣ 8ቱ ደህና ሆነው ሪፖርት የለም። ስለዚህ የምትጠብቀውን ጥፋት (የጎደለ ኮለም፣ ኪሎ ቦታ ላይ ስም የገባ) እዛው ያዝና «ይሄ ጣቢያ በዚህ ምክንያት አልተሳካም» የሚል ውጤት መልስ። ሪፖርቱ 8 ጣቢያና አንድ ቀይ መስመር ይዞ ይውጣ። ሂሳብ ሹሟ የጎደለው ቢነገራት አይከፋትም፤ የሚያናድዳት የተሟላ መስሎ የጎደለ ነው።

ደግሞ በጆቦች መሃል የምታሳልፈው የጣቢያውን መለያ ቁጥርና ቀኑን ብቻ ይሁን። የገበሬዎቹን ሙሉ ዝርዝር በሬዲስ ውስጥ አታንከራትተው።

ጥቁር_ውሃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ አሁን ገባኝ። የፒዲኤፉ ነገር እንዴት እንዳልታየኝ እንጃ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። ጣቢያዎቹ ፋይሉን እኩል አይጭኑም። መብራት ወይም ኔትወርክ ይጠፋና አንዱ በ1 ሰዓት፣ ሌላው በ4 ተኩል ይጭናል፤ ጭራሽ የማይጭንበት ምሽትም አለ። ኮርዱ ሲነሳ 9ኙም ፋይሎች መኖር አለባቸው አይደል? ታዲያ ማን ያስነሳው?

ፖስትግሬስ_ወዳጅ

እዚህ ላይ ኮርድን ተወው። ኮርድ የሚያውቀው ራሱ ያስነሳቸውን ጆቦች ነው፣ በንሳ ላይ ኔትወርክ የሚጠብቀውን ጸሐፊ አያውቅም። ዳታቤዝህ ግን ማወቅ ይችላል።

ሁለት ሰንጠረዥ ይበቃሃል። አንዱ «የዕለት ስራ»፣ በቀን አንድ ረድፍ። ሌላው «የጣቢያ ስራ»፣ በቀን 9 ረድፍ፣ እያንዳንዱ ሁኔታው ያለበት፦ አልመጣም፣ እየተነበበ፣ ተሰልቷል፣ ከሽፏል። ፋይል በተጫነ ቁጥር የዚያ ጣቢያ ቼይን ብቻ ይነሳል። የቼይኑ መጨረሻ የራሱን ረድፍ «ተሰልቷል» ያደርግና የቀረ ጣቢያ መኖሩን ያያል። ከሌለ ሪፖርቱን ያስነሳል።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ዳሌና አለታ ወንዶ እኩል ቢጨርሱ ሁለቱም የየራሳቸውን ረድፍ ይቀይራሉ፣ ግን ገና ኮሚት ስላላደረጉ (ለውጡን ዳታቤዙ ላይ ስላላጸኑ) ዳሌ አለታ ወንዶን «አላለቀም» ብሎ ያየዋል፣ አለታ ወንዶም ዳሌን። ሁለቱም «አንድ ይቀራል» ብለው ይሄዳሉ፣ ሪፖርቱን የሚያስነሳ ይጠፋል። ይሄ በዓመት አንዴ ይደርስና ሰው «ሲስተሙ አንዳንዴ ያመዋል» እያለ ይኖራል። መፍትሔው መጀመሪያ የዕለት ስራውን ረድፍ በ«ሴሌክት ፎር አፕዴት» መቆለፍ ነው። ያኔ ሁለተኛው የመጀመሪያው ኮሚት እስኪያደርግ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ እውነተኛውን ቁጥር ያያል።

«የቀረ = የቀረ ሲቀነስ 1» የሚል ቆጣሪ የሚመክርህ ካለ አትስማው። ጆብ ሪትራይ ሲደረግ (ከሽፎ እንደገና ሲሞከር) ሁለት ጊዜ ይቀንስብህና ጣቢያ ጎድሎ ሪፖርት ይወጣል። ሁኔታውን ከየረድፉ መቁጠር ግን ስንት ጊዜ ቢደጋገም መልሱ ያው ነው።

ላልጫነ ጣቢያ የመቁረጫ ሰዓት ይኑርህ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በል። ሰዓት እዚህ ቦታው ነው፦ ያለውን ይዞ፣ የጎደለውን በስም ጠርቶ ሪፖርቱን ማስወጣት። ዕለቱም «ሪፖርት ወጥቷል» ይባል፣ ዘግይቶ የመጣ ፋይል ማሻሻያ ሪፖርት እንጂ ሁለተኛ የባንክ ዝርዝር እንዳያወጣ። ይሄ የገንዘብ ነገር ነው።

ጆቡንም ከጃንጎ «ኦን ኮሚት» (ኮሚት ካለቀ በኋላ ብቻ ከሚሰራው) ውስጥ አስነሳው። ሬዲስ ፈጣን ነው፤ ኮሚት ሳይደረግ ዎርከሩ ይደርስና «እንዲህ ያለ ረድፍ የለም» ይልሃል።

ቢሾፍቱ_ላይ

ለዚህ ሁሉ ኤርፍሎው (እርስ በርስ የተያያዙ ስራዎችን የሚያስተዳድረው ሲስተም) አይሻልም ነበር?

የሶደሬዋ

ለ9 ፋይል? ኤርፍሎው የራሱ ስኬጁለር፣ የራሱ ዳታቤዝና የራሱ ዌብ ሰርቨር አለው፤ ባለ 8 ጊጋ ሰርቨር ላይ እሱን ስትንከባከብ ቡናው ይደርቃል። ሌላ ቋንቋ ላይ ለምትሰሩ ግን ጆብን ከጆብ ጋር ማያያዝ አዲስ አይደለም፦ ላራቬል ከ2020 ጀምሮ ባች አለው፣ ኖድ ላይ ቡልኤምኪው ፍሎው አለው፣ ሩቢ ላይ ጉሽ አለ፤ የሳይድኪክ ባች የሚገኘው በሚከፈልበት ስሪቱ ነው።

የፖስትግሬስ_ወዳጅን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፣ ኮርዱ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አክስ ሌት (ዎርከሩ ማረጋገጫ የሚሰጠው ጆቡን ከጨረሰ በኋላ እንዲሆን የሚያደርግ ኦፕሽን) ካበራህ፣ በሬዲስ ብሮከር ላይ ማረጋገጫ ሳያገኝ 1 ሰዓት ያለፈው ጆብ ለሌላ ዎርከር እንደገና ይሰጣል፤ ካልነካኸው ነባሪው 3600 ሰከንድ ነው። ወረፋ የያዘ ረጅም የኤስኤምኤስ ጆብ ካለህ ገበሬው ተመሳሳይ መልእክት ሁለቴ ይደርሰዋል፣ ሁለት ክፍያ ነው ብሎም ይመጣል። ጆቦቹን አጫጭር አድርግ፣ ከመላክህ በፊትም «ገበሬ፣ ቀን» ላይ ዩኒክ ገደብ (ያው ጥምር ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል) ባለው ሰንጠረዥ መዝግብ። መዝገቡ እምቢ ካለ አትላክ።

ጥቁር_ውሃ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሰንጠረዦቹን ዛሬ ጀምሬያለሁ። የኤስኤምኤስ አቅራቢው በሰከንድ ከ5 በላይ አይቀበልም። ታስኩ ላይ ሬት ሊሚት (የፍጥነት ገደብ) 5 ብል ያልቃል?

የሶደሬዋ

አያልቅም። የሴለሪ ሬት ሊሚት የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ዎርከር (ፕሮሰሶቹን ሁሉ ይዞ ለሚነሳው አንድ የሴለሪ ፕሮግራም) ለብቻው ነው፣ ለሁሉም በጋራ አይደለም። ሁለት ዎርከር ካስነሳህ 10 ይሄዳል። ለኤስኤምኤስ የራሱ ኪው ስጠው፣ ያን ኪው የሚያዳምጥ አንድ ዎርከር ብቻ አስነሳ፣ ሊሚቱን እዛ ላይ አድርግ። ፒዲኤፉንም በሌላ ኪው ለየው፣ ያለዚያ ኤስኤምኤሶቹ ከደረሰኝ ክምር ኋላ ይሰለፋሉ።